ከመቃብር ቧንቧ የተቀዳ ውኃ

ባለፈው ነሐሴ ከቦርዶ ተነሥቼ፣ መጀመሪያ የጋሮንን ቦይ፣ ከቱሉዝ በኋላ ደግሞ ካናል ዱ ሚዲ የሚባለውን አሮጌ ቦይ እየተከተልሁ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ድረስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ብቻዬን በብስክሌት ተጓዝሁ። የጉዞው መዳረሻ የሆነችው የወደብ ከተማ ስሟ «ሴት» ስለሆነ፣ ለእናቴ በስልክ «ወደ ሴት እየሄድሁ ነው» ማለቴ ረዘም ያለ ማብራሪያ አስፈልጎት ነበር። ነገሩ ከተብራራ በኋላ ስለ ርቀቱም ስለ ሙቀቱም አልጠየቀችኝም፤ «ብቻህን? ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» አለችኝ። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ይሰማኝ ነበር። እኔ አዣን ከተማ አጠገብ ከአንድ ድልድይ ሥር ተጠግቼ የ39 ዲግሪው ፀሐይ እስኪበርድ እጠብቅ ነበር።

በነሐሴ ቀትር የፈረንሳይን ገጠር ያየ፣ ሰው ይኖርበታል ብሎ ለማመን ይቸገራል። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሱቁ ይዘጋል፤ ሰኞ ከሆነ ዳቦ ቤቱም ቀኑን ሙሉ ላይከፈት ይችላል፤ የእንጨት መስኮቶቹ ሙቀት እንዳያስገቡ ከረፋዱ ጀምሮ ይጠረቀማሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ብዙውን ጊዜ እንደ ተቆለፈ ነው። በአደባባዩ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት የሞቱት የመንደሩ ልጆች ስም የተቀረጸበት ሐውልት ቆሟል። አንዳንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ ያገኘሁት የሰው ስም ይኸው በድንጋይ ላይ ያለው ብቻ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ምግቤ ዳቦ፣ ቲማቲምና በመንገድ ዳር የሚሸጥ ኮክ ነበር። የፈረንሳዩ ረጅም ዳቦ ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከጨው ስለሚጋገር ጾመኛን አያስቸግርም፤ ካስተልኖዳሪ ከተማ ስደርስ ግን የከተማዋ መኩሪያ የሆነው ካሱሌ፣ ቦሎቄን ከዳክዬና ከአሳማ ሥጋ ጋር አብስለው የሚያቀርቡት ምግብ፣ ከየምግብ ቤቱ በራፍ ይሸት ስለነበር ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ አለፍሁ።

ችግሬ ግን ምግብ ሳይሆን ውኃ ነበር። በአንዳንዶቹ የመንደር ምንጮች ላይ «ለመጠጥ አይሆንም» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል፤ የተዘጋ በር ማንኳኳትን ደግሞ ከ15 ዓመት የፈረንሳይ ኑሮ በኋላም አልደፍረውም። በዚህ አገር ብዙ የተጓዙ ብስክሌተኞች የሚያውቁት መላ ወደ መቃብር ቦታ መግባት ነው። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው የመንደር መቃብር፣ ዘመድ የአበባ ማጠጫውን የሚሞላበት ቧንቧ አለው፤ ቦታውም በፈረንጅ ጽዱ ከሩቅ ይለያል (እዚህ መቼም ጽዱ ራሱ አገሩ ገብቷል)። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ፀሐይ ቱቦው ውስጥ ያፈላው ስለሆነ እጅ ያቃጥላል፤ ትንሽ ሲፈስስ ይቀዘቅዛል።

ከሙዋሳክ አለፍ ብላ ባለች መንደር ጠርሙሴን ስሞላ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ባልቴት የፕላስቲክ ማጠጫቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆሙ። ይህ ውኃ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ባለቤቴን ሃያ ዓመት ያጠጣሁት ከዚህ ነው፤ አንድ ቀን አጉረምርሞ አያውቅም» አሉኝ። «እማማ» ልላቸው አምሮኝ ነበር፤ ፈረንሳይኛው የሚፈቅድልኝ ግን «ማዳም»ን ብቻ ነው። ሙቀት በሚበረታበት ሰሞን ከማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ልጅ በየጧቱ እየደወለች «ውኃ ጠጥተዋል?» እንደምትላቸው አጫወቱኝ። «ባልጠጣም ጠጥቻለሁ እላታለሁ። ልጅቷ ደግሞ ለምን ትጨነቅ?»

ያ የስልክ ጥሪ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ፈረንሳይን በመታው ሙቀት ወደ 15,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ልጆቻቸው ለዕረፍት በሄዱበት፣ ጎረቤትም በሌለበት፣ መስኮታቸው እንደ ተዘጋ ያለፉ ናቸው። ፓሪስ ውስጥ ወራሽ ያልጠየቃቸውን 57 አስከሬኖች ከተማዋ ራሷ ስትቀብር ፕሬዚዳንቱ ዣክ ሺራክ በቀብሩ ላይ ተገኝተዋል። እድር ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህ ከሙቀቱ በላይ የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ እኛ እኮ እዚህ አውሮፓ ውስጥ እንኳ የማናውቀውን ሰው አስከሬን ወደ አገሩ ለመላክ ገንዘብ እናዋጣለን። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ መንግሥት ያደረገውን መካድ አይቻልም፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ፈቅደው የሚመዘገቡበት መዝገብ በየማዘጋጃ ቤቱ ተከፈተ፤ ሠራተኛውም ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እርዳታ ሲባል በዓመት አንድ ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሠራ በሕግ ተወሰነ። ጎረቤት መሥራት የነበረበትን ሥራ መዝገብ ይሠራዋል፤ ደግሞም ይሠራዋል።

እዚህ ያለን ሐበሾች ቡና ላይ ስንገናኝ የምንደርስበት ድምዳሜ የታወቀ ነው፤ ፈረንጅ ቀዝቃዛ ነው፣ የእኛ ሰው ግን ውኃ ስትጠይቀው ጠላ ይሰጥሃል እንላለን። እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስተርክ ኖሬአለሁ፤ ማስረጃም ነበረኝ። ባሕር ዳር ሜዳማ የብስክሌት ከተማ ብትሆንም፣ በእኛ ሰፈር ሳይክል ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሥራ መሄጃ እንጂ መንሸራሸሪያ አልነበረም፤ ተማሪ ሳለሁ በአባቴ ፊኒክስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ጢስ ዓባይ ልደርስ ስነሣ ጓደኞቼ አበደ ብለውኝ ነበር። ጊዜው ሚያዝያ ነው፤ አቧራው ጉሮሮዬን ሲዘጋው ከመንገድ ዳር ወዳለ ቤት ገብቼ ውኃ ለመንሁ። «በባዶ ሆድ ውኃ ይጠጣል እንዴ!» አሉ የቤቱ እመቤት፤ ጠላ በጣሳ፣ ቂጣ ከአዋዜ ጋር መጣልኝ፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ፣ ስሜንም ሳይጠይቁኝ ጠግቤ ወጣሁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የምዘላት ልጅ ነበረች። ልሄድ ስል ፊቴን እንድታጠብ ውኃ ቀረበልኝና ሁለት ሦስት ጊዜ ተረጨሁ። ዐሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ገመዱ ደረቷ ላይ የተቋጠረ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከቁልቁለቱ ስትወጣ ያኔ አየኋት። ሸክሟን ሳታወርድ ቆማ፣ እኔን ሳይሆን ከእጄ አምልጦ አቧራው ላይ የሚሄደውን ውኃ በዓይኗ ትከተል ነበር። የእመቤቲቱ ቸርነት እውነት ነው፤ ሒሳቡ ግን የተከፈለው በልጅቷ ጀርባ ነው። በሙዋሳኩ ቧንቧ ጠርሙሴን ሞልቼ፣ ራሴንም አርሼ ስሄድ ማንም «እንብላ» አላለኝም፤ ያንን ውኃ ለማምጣት የጎበጠ ልጅ ግን አልነበረም። ስለዚህ «ማን ይበልጣል» የሚለው የቡና ላይ ክርክራችን አሁን አሁን ይሰለቸኛል።

አንድ ምሽት በድንኳን መስፈሪያ ያገኘሁት ጀርመናዊ ብስክሌተኛ ከመተማ እስከ ጎንደር ተጉዞ ያውቃል። በዓለም ላይ እንደዚያ ቡና የጋበዘው ሕዝብ፣ እንደዚያም ድንጋይ የወረወሩበት ልጆች እንደሌሉ ነገረኝና፣ «ሽንት እንኳ ብቻዬን ሸንቼ አላውቅም» አለኝ። ስለ ድንጋዩ የምመልሰው አልነበረኝም።

ከቱሉዝ በኋላ ያለው ቦይ ራሱ ውኃን በማጓጓዝ የተሠራ ነው። ፒየር-ፖል ሪኬ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1666 በጀመረው በዚህ ሥራ፣ ከጥቁር ተራራ የሚወርደውን ውኃ ኖሩዝ ወደሚባለው ከፍታ አምጥቶ፣ ግማሹን ወደ አትላንቲክ፣ ግማሹን ወደ ሜዲትራንያን እንዲፈስስ አደረገው፤ ቦዩ በ1681 ሲመረቅ ግን ሪኬ ሞቶ ነበር። ዳርና ዳሩን ያጠለሉት የፕላታን ዛፎች እ.ኤ.አ. በ2006 ቦዩ ላይ በተገኘ የፈንገስ በሽታ ምክንያት በብዛት እየተቆረጡ ነው፤ ከካርካሶን በኋላ ጉቶ ብቻ በተረፈበት መንገድ የሄድሁበት ቀን ከጉዞው ሁሉ የከፋው ነበር።

ቦዩ ሐይቅ መሳዩን የባሕር ውኃ የሚቀላቀልበት ትንሽ መብራት ቤት አጠገብ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ጠርሙሴ ባዶ ከሆነ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር።

«ውኃ ጠጣህ?» አለችኝ እናቴ።

«ጠጥቻለሁ» አልኋት።