ከሰዓት በኋላ የምትገነባው ደሴ

ደሴ ሁለት ናት። አንደኛዋ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተሸጎጠችው፣ ጭጋጓን እስከ ረፋድ የማታወልቀው፣ ጠዋት ጠዋት የምናውቃት ከተማ ናት። ሁለተኛዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ መገንባት ትጀምርና 11 ሰዓት ሳይሞላ ትመረቃለች። መንገዷ ሰፊ ነው፤ ሥራ ፈት የለባትም፤ ጉቦ የሚባል ነገር አታውቅም። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ከፍራሽና ከትራስ አልፋ አታውቅም።

የግንባታው ቦታ በርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያው ቤት፣ ይባላል። ዙሪያውን ፍራሽ ይነጠፋል፤ መሐል ላይ ውሃ፣ የሻይ ፔርሙዝ፣ ለውዝና ስኳር ይቀመጣል፤ ጥግ ላይ ዕጣን ይጨሳል። የቀረው ሥራ የጥርስ ነው። የሰፈራችን በርጫ ዋና ቀያሽ “ኢንጂነሩ” የሚባሉ ጎልማሳ ናቸው። የጠዋት ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ማዕረጉ የሚሠራው ከምሳ በኋላ ነው።

“የሐይቅን ውሃ ጦሳ ጫፍ ላይ ማውጣት ነው” አሉ በአንዱ ከሰዓት፣ ጉንጫቸው በቅጠል ተወጥሮ። “ከዚያ ቁልቁል ለቅቆ መብራት ማመንጨት። ደሴ ላይ መብራት ጠፋ የሚል ሰው ካለ ይጠየቃል።”

“ጋሼ፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው መብራት ከየት ይመጣል?” አለ አንድ ተማሪ።

“ከሚወርደው ውሃ ነዋ!”

ቤቱ በአድናቆት ተናወጠ። ዕድሜ ልካቸውን ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡት መምህር ሳይቀሩ “ወላሂ፣ ይሠራል” አሉ።

ጦሳ ላይ አይሠራም። በርጫው የቆመው ግን በዚሁ ስሌት ነው። ጫት ለሰውነት ቅንጣት ጉልበት አይጨምርም፤ ያለውን ነው ቀድሞ የሚያስለቅቀው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ ገብቶ የነርቭ ሴሎች ያከማቹትን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገሮች ያስለቅቃል። ዶፓሚን ሲበዛ የራስም የጎረቤትም ሐሳብ ያምራል፤ ለዚህ ነው በርጫ ላይ የተናቀ ዕቅድ ሰምቼ የማላውቀው። ኖርአድሬናሊን ደግሞ ልብን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የዓይን ብሌንን ያሰፋል። ይህ ሁሉ ሰውነት “አውሬ መጣ” ሲባል የሚያደርገው ዝግጅት ነው። አውሬ ግን የለም፤ ያሉት ኢንጂነሩ ናቸው።

ለሩጫ የተዘጋጀ ሰውነት እራት ትዝ አይለውም። ስለዚህ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት እንኳ እንደ ልብ አይወርድም። ኢንጂነሩ ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው ወጥ በየማታው ሳይነካ ያድራል፤ ባለቤታቸውም “ሙያዬን ናቀው” እያሉ ያዝናሉ። ወጡ ምንም አልበደለም።

ካቲኖን ዕድሜው አጭር ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደሚባለው ደካማ ዘመዱ ይለወጣል። ተመራማሪዎች ለብዙ ዘመን የደረቀ ቅጠል ሲመረምሩ ኖረው ካቲኖንን ለይተው ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የጫት ነጋዴ ግን ከእነሱ በፊት ነቅቶበታል፤ እርጥቡን በቅጠል ጠቅልሎ መኪናውን ያስበርራል። ኬሚስትሪ ያልተማረው ሹፌር የኬሚስትሪን ሕግ አክብሮ ያድራል፤ የሚጥሰው የትራፊክን ሕግ ብቻ ነው።

አመሻሹ ላይ ቤቱ ጸጥ ይላል። ከአንድ ሰዓት በፊት እርስ በርስ የማይደማመጡ ሰዎች አሁን እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ላይ አፍጥጠዋል። አንዱ የሶኬቱን ቀዳዳ ይመረምራል፤ ሌላው የምንጣፉን ክር አንድ በአንድ ይመዝዛል። የተለቀቀው ዶፓሚን እየተሟጠጠ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ድብርትና ቁጣ ነው፤ የመብራት ማመንጫው ባለአክሲዮኖች የሻይ ሒሳብ ላይ ይጣላሉ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ሲመጣም ዱካክ አስከትሎ ይመጣል። ይህን የሚፈሩት ከበርጫ ተነሥተው ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳሉ፤ ጨብሲ ይሉታል። ልብን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲያስሮጡ ውለው ማታ አንጎልን በአልኮል ማደንዘዝ ማለት ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች ውጤታቸውን የሚያወራርዱት በባለቤቱ ወጪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። በወሎ ጫት ለወሬ ብቻ አይቀመጥም። ለዱዓ፣ ለወዳጃ (ለጋራ ጸሎት) የሚቀመጡ አባቶች አሉ፤ በእነሱ ላይ ለመቀለድ ምላሴ አይታዘዘኝም። ልብ ግን ዱዓን ከወሬ አይለይም፤ ለሁለቱም እኩል ይደልቃል። ተማሪውም “እኔ የምቅመው ለፈተና ነው” ይላል፤ ሌሊቱን ነቅቶ ያነበበውን መልስ ፈተናው ክፍል ውስጥ ተኝቶበት ይወጣል።

የበርጫው ቤት አከራይ እትዬ ይህን ሁሉ ከግቢው ሆነው ይታዘባሉ። “ሱስ ያናወዛቸው!” ይላሉ፣ ከረከቦታቸው ጀርባ፣ አቦል እየቀዱ። ቶናው ላይ ፍርዱን ያጸናሉ፤ በረካው ላይ ይመርቃሉ። ቡና በወሎ ዱዓ ተደርጎበት የሚጠጣ ስለሆነ ከሱስ ተራ ወጥቷል። ጎረቤት የሚታረቀው፣ ሙሽራ የሚታጨው፣ ሐሜት የሚጣራው እሱ ላይ ነው። ይህን የሚያህል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሱስ ይባላል እንዴ?

ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ግን የመሥሪያ ቤቱን ክብር አያውቅም። ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ መቀመጫውን ሲያገኝ ያደክመናል፣ ያስተኛናል። ካፌይን ቅርጹ ስለሚመስለው ቀድሞ መቀመጫውን ይይዝበታል። አዴኖሲን ወንበር እንደተያዘበት የመናኸሪያ መንገደኛ ዕቃውን ታቅፎ ይቆማል። ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ቁጥሩም እየበዛ ነው። ካፌይን ሲወርድ ሁሉም ተጋፍቶ ይሳፈራል። በአብዛኛው ሰው ላይ የካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ በረካ ግማሹ ማታ 3 ሰዓትም ሥራ ላይ ነው። እትዬ እንቅልፍ ሲያጡ የሚከሱት ግን የጎረቤትን ውሻ ነው። “ቡናማ እኔን ያስተኛኛል” ይላሉ። ለነገሩ ዘወትር የሚጠጣ ሰው አንጎል መቀመጫዎቹን እያበዛ ይለምደዋል፤ ያኔ ቡና የሚያደርሰው ሌላው ሰው ሳይጠጣ ወደሚውልበት ቦታ ነው።

እውነቱ የሚወጣው በጾም ነው። ቡና የለመደ ሰው ካቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን መውጋት ይጀምረዋል፤ መቀመጫውን ያገኘው አዴኖሲን የአንጎልን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው። በረመዳን መባቻ የእትዬ ግንባር በሻሽ ይታሰራል። በስቅለት ቀን ደግሞ የማዶዋ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ግንባር ይታሰራል። ሁለቱ ሴቶች በአጥር ላይ እየተያዩ “አብሽሪ፣ ያልፋል” ይባባላሉ። የወሎን መቻቻል የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን የጋራ ራስ ምታት ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም።

በቅርቡ የሰፈሩ ሰው የደም ግፊት እንዲለካ ተጠርቶ ነበር። ኢንጂነሩና እትዬ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ የሁለቱም ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘ። ወጣቱ የጤና ባለሙያ መጠየቅ ጀመረ።

“ጋሼ፣ ጫት ይቅማሉ?”

“እቅማለሁ ማለት እንኳ ይከብዳል። ጓደኞቼ ሲቅሙ አብሬ እቀመጣለሁ እንጂ።”

“በሳምንት ስንት ቀን?”

“እሑድ አልሄድም።”

“እሑድ ያርፋሉ ማለት ነው?”

“እሑድ እነሱ ወደ እኔ ይመጣሉ።”

እትዬ በንቀት ፊታቸውን አዞሩ። ተራው የእሳቸው ሆነ።

“እናቴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ቡና ይጠጣሉ?”

“አንድ ጊዜ ብቻ ነው ልጄ። ጠዋት እጀምራለሁ፤ ማታ አቆማለሁ።”

ልጁ ካርዱ ላይ 1 ብሎ ጻፈ።