ኢንተርቪው ላይ «እኛ ሠራን» ማለት ይቅርብን

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። የሪፖርተር ማስታወቂያ፣ የቴሌግራም ቻናል፣ ሲቪ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። ይህን ሁሉ አልፎ የገባ ሰው ታዲያ «እስቲ ስለራስህ ንገረን» ሲባል የት እንደተወለደ፣ አንደኛ ደረጃ የት እንደተማረ ይተርካል። ሲቪው እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው!

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የችሎታ ሳይሆን የአስተዳደግ ነው። ስለራሱ የሚያወራ ልጅ ቤትም ሰፈርም ጉረኛ ይባላል። ዝም ያለው ይመሰገናል። ያ ልጅ አድጎ ኢንተርቪው ሲቀርብ ሁሉን ነገር «እኛ» ያደርገዋል፤ እኛ ሪፖርቱን አዘጋጀን፣ እኛ ሲስተሙን ቀየርን ይላል፣ ጠያቂው ደግሞ የነጥብ መስጫ ቅጹን ይዞ ከነዚህ ውስጥ የልጁ ሥራ የቱ እንደሆነ እስኪሰማ ይጠብቃል። አይሰማም።

ጉራ ንዙ አልወጣኝም። ጉራማ «ታታሪ ነኝ፣ ጫና እቋቋማለሁ» የሚለው ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ እንበል። «ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የባንኩ ስቴትመንትና መዝገባችን አልገጥም አለ፤ ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ ሳመሳክር ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ክፍያ አገኘሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ነው የማመሳክረው» ብትዪ፣ ታታሪ መሆንሽን እነሱ ራሳቸው ይጽፉታል። እንዲህ ያለ ሁለት ሦስት ታሪክ ይዞ መግባት ይበቃል። የተሳካ ነገር፣ ተበላሽቶ የተስተካከለ ነገር፣ ከሰው ጋር ያልተስማማችሁበት ነገር። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ከነዚህ አይወጣም።

«ዜሮ ዓመት ነኝ፣ ምን ታሪክ አለኝ?» የሚል ይኖራል። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው እኮ ኢንተርንሺፕ ወጥቷል። ሳይት ላይ ምን አየ? ከፎርማኑ ጋር በምን ተከራከረ? የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ላይ ማን ጠፋ፣ የጠፋውንስ ሥራ ማን ሸፈነ? ተመራቂው ግን፣ በተለይ የመውጫ ፈተና በ2015 ከተጀመረ ወዲህ፣ ኢንተርቪውንም ሌላ ፈተና አድርጎት ጥያቄና መልስ ከዩቲዩብ ይሸመድዳል። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲሉት «ፐርፌክሽኒስት ነኝ» ይላል። ከእሱ በፊት የገባውም ይህንኑ ብሏል።

አዎ፣ አንዳንዱ ቦታ አስቀድሞ ለዘመድ ተይዟል፣ ኢንተርቪውም ለይስሙላ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሁሉንም እንደ እውነተኛ አድርጎ ከመግባት ሌላ አማራጭ የለም።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ የምወቅሰው ጠያቂዎቹን ነው። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ የሚሠራን የመጋዘን ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ማፋጠጥ ምን ይለካል? እስኪቀየር ድረስ ግን ታሪኮቻችሁን ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ተለማመዱ። በልብ ማንበብና በአፍ መናገር ለየቅል ናቸው። ከተያዛችሁም «በአማርኛ ልቀጥል?» ማለት ነውር የለውም።

ደመወዝ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ማስታወቂያው «በስምምነት» ይላል፣ «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲባል አንገት ደፍቶ «በድርጅቱ ስኬል» ይባላል። ወይም ደግሞ 20,000 ብር ይልና የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ሳይናገር ይወጣል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ20,000 ብር ላይ 4,950 ግብር፣ 1,400 ደግሞ ጡረታ 7 በመቶ ይሄዳል። እጅ ላይ የሚደርሰው 13,650 ነው። ቤት ኪራይና ትራንስፖርት የሚከፈለው ከዚህ ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡን ቤት ሠርታችሁ ግቡ።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ይሏችኋል። «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መነሳት የተለመደ ነው። እኔ ብሆን ስለ ሙከራ ጊዜው እጠይቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፣ በዚያ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ካልሆነ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። «በነዚያ ቀናት የምትመዝኑኝ በምንድን ነው?» ማለት ድፍረት አይደለም። እርስ በርስ ተያይተው መልስ ካጡ ደግሞ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡበት።