ማስተካከያ፦ «ኦኬ» ከጦር ሜዳ አልመጣም

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ የሚዞር ጽሑፍ አለ። «ኦኬ» የተወለደው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው ይላል፤ ከውጊያ በኋላ የሞተ ወታደር ከሌለ «ዜሮ ኪልድ» ተብሎ ይጻፍ ነበርና፣ ዜሮዋ እንደ ኦ ተነበበች፣ ኬዋም የ«ኪልድ» (የተገደለ) መነሻ ፊደል ናት ነው ነገሩ። ታሪኩ ያምራል፣ ግን ልክ አይደለም። ጦርነቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ቃሉ ደግሞ ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ላይ ታትሟል።

ያኔ የቦስተን ጋዜጠኞች ፊደል ሆን ብሎ እያሳሳቱ ማሳጠርን ፋሽን አድርገውት ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ልክ ነው»፣ በትክክል ሲጻፍ በኤ እና በሲ ይጀምራል፤ እነሱ በኦ እና በኬ ጻፉት። ቀልድ መሆኑ ነው እንግዲህ! የዘመኑ ሌሎች ቀልዶች ቶሎ ተረሱ፣ ይሄኛውን ግን ፖለቲካ አተረፈው፤ በ1840ው ምርጫ የፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ደጋፊዎች ሰውየውን በትውልድ ቦታው «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሉት ስለነበር ኦኬን መፈክር አደረጉት። ምርጫውን ግን ተሸነፈ። ይህን ሁሉ በ1960ዎቹ ፈልፍሎ ያወጣው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አለን ዎከር ሪድ ነው።

ጽሑፉ «ትርጉሙ በጣም ጥሩ ማለት ነው» ያለውም ይታረም። አሜሪካዊ ፊልሙ «ኦኬ ነበር» ካለ ብዙም አልወደደውም። የወደቀን ሰው «ኦኬ ነህ?» ሲል ደህንነቱን መጠየቁ ነው፤ አለቃ ወረቀት ላይ «ኦኬ» ካደረገ ደግሞ ፈቅዷል።