አከራዮች፣ ወረቀቱ የት አለ?

የጅማ ሰዎች፣ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ማውራት እንወዳለን። በአባ ጅፋር ዘመን ነጋዴው ከየአገሩ ሂርማታ ገበያ ይወርድ ነበር እንላለን። እውነት ነው። ዛሬ ቤት ሊከራይ የሚመጣውን ሰው ግን ምን እያደረግነው ነው? በገባበት ቀን ቡና እናፈላለታለን። በሦስተኛው ወር «ልጄ ልትገባበት ነው፣ ቤቱን ልቀቅ» እንለዋለን። በሳምንቱ ልጅት የለችም። ሌላ ተከራይ ፍራሹን ከባጃጅ ያወርዳል።

ይሄ ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ግን አፉን ይይዛል። ነገ እሱም ሰርቪሱን ያከራያላ!

አከራዮች፣ እንዲህ ማድረግ የቻላችሁት የውል ወረቀት ስለሌለ ነው። ውል እንጻፍ ሲባል «ኧረ እንተማመናለን» ትላላችሁ። የሚተማመን ሰው መጻፍ ምን ያስፈራዋል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰማችሁም? እናንተ ደግሞ መረሳቱን የፈለጋችሁት ትመስላላችሁ።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል። «እሱ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ይሁንላችሁ። አንድ ገጽ ውል ለመጻፍ የግድ አስገዳጅ መምጣት አለበት? ገና ደመወዝ ያልወጣለትን አዲስ መምህር የስድስት ወር ኪራይ በጥሬ ገንዘብ አምጣ ስትሉት አዋጅ አልጠበቃችሁም።

አሁን ወደ ደላሎች ልምጣ፤ ምክንያቱም ነገሩን የሚያቀጣጥሉት እነሱ ናቸው። ደላላ ኮሚሽን የሚያገኘው ተከራይ ሲገባ ነው። ተከራይ ተመችቶት ሁለት ዓመት ከተቀመጠ ለእሱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ብቅ ይልና «እትዬ፣ ይሄ ቤት እኮ እጥፍ ያወጣል፣ ሰው አለኝ» ይላል። እትዬም ሌሊቱን ሲያሰላስሉ ያድራሉ። ጠዋት «ልጄ ልትገባበት ነው» ይመጣል። አከራዮች ሆይ፣ ሒሳቡን እስኪ በደንብ አስሉት። ቤቱ ባዶ የሚቆይበት ወር፣ የቀለሙ፣ የቁልፉ፣ የኮሚሽኑ ወጪ ሲደመር ጭማሪው ምን ተረፈው? ያተረፈው ደላላው ነው። ከእናንተም ከተከራዩም ወስዷል።

ጣሪያውስ? በዚህ ዓመቱን ሙሉ በሚባል ሁኔታ በሚዘንብበት ከተማ ቆርቆሮው ሲያፈስ «ሳፋ አድርግበት» ማለት ምን የሚሉት መልስ ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተከራየውን ቤት በደህና ይዞታ የማቆየት ግዴታ የጣለው በአከራዩ ላይ ነው። ለአራት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ አስገብታችሁ መብራቱን በግምት የምታካፍሉም አላችሁ። እንጀራ የምትጋግረውና አንድ አምፖል የሚያበራው እኩል ይክፈሉ? ማካፈያውም ውሉ ውስጥ ይግባ።

ሌላም አለ፤ ለማንሳት ያሳፍራል። «ብሔርህ ምንድን ነው?» «ሃይማኖትሽስ?» «ልጅ አላችሁ?» ቤት ልታከራዩ ነው ወይስ ልትዳሩ? ልጅ ያለው ሰው የት ይሂድ? እናንተ ልጆቻችሁን ያሳደጋችሁት ጫካ ውስጥ ነው? ሰውየው ኪራዩን ይክፈል፣ ግቢውን አይረብሽ። ከዚያ በላይ አይመለከታችሁም።

ተከራዮች፣ ዝም ያልኳችሁ እንዳይመስላችሁ። ኪራይ በእጅ ስትሰጡ ደረሰኝ የማትጠይቁት ለምንድን ነው? ገና ቤቱን ሳታዩ ለደላላ ቀብድ የምትሰጡት፣ ተበላን ብላችሁ የምትጮኹት እናንተው ናችሁ። ከመግባታችሁ በፊት የግድግዳውንና የበሩን ፎቶ አንሱ፤ ስትወጡ ያልሰበራችሁትን አትከፍሉም። ያለማስጠንቀቂያ ዕቃችሁን በሌሊት ጭናችሁ የጠፋችሁም፣ የሁለት ወር መብራት በአሮጊቷ ላይ ነው የጣላችሁት። ስልካችሁን ክፈቱና ገንዘቡን ላኩላቸው።