እርማት፦ የሶፊ መርፌ

እህቴ፣ «በወጣቶች ምናባዊ ልቦለድ ሴቷ ጀግና የምትባለው ቀሚሷን ጥላ ሰይፍ ከመዘዘች ብቻ ነው፤ መርፌ ያዥዋ ጀግና የትናንት ፋሽን ናት» ያልሽው ትክክል አይደለም። የደራሲዋ የዳያና ዊን ጆንስ ልቦለድ «የሃውል ተንቀሳቃሽ ቤተ መንግሥት» የወጣው እኮ በ1986 ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር።

የመጽሐፉ ጀግና ሶፊ ባርኔጣ ሠሪ ናት። ብቻዋን እየሰፋች ከባርኔጣዎቹ ጋር ታወራለች። አንዱን ትልቅ ሰው እንደሚወደው ትነግረዋለች፤ የገዛችው ሴት ከባላባት ጋር ትኮበልላለች! የጠንቋዩን የሃውልን ልብስ ስትጠግን ደግሞ ልብሱን ሴቶችን እንዲስብ ታጫውተዋለች። አስማቷ ያለው ቃሏ ላይ ነው፤ ራሷ ግን ለረጅም ጊዜ አታውቀውም። መጨረሻ ላይ የእሳት ጋኔኑን ካልሲፈርን ከሃውል ጋር ከገባው ውል ነፃ የሚያወጣውም ይኸው ችሎታዋ ነው።

ስህተቱ የመጣው ከመጽሐፉ ከተሠራው የ2004ቱ ፊልም ይመስለኛል፤ እዚያ ይህ የሶፊ አስማተኝነት ብዙም አይታይም።

ሰይፍ መዛዥዋ አላና፣ የደራሲዋ የታሞራ ፒርስ ጀግናስ? ወንድ መስላ የፈረሰኛ ተዋጊነት ሙያ ትማራለች፣ እውነት ነው። በ1984ቱ ሁለተኛ መጽሐፍ ግን ቀሚስ መልበስ እንድታስተምራት የጓደኛዋን እናት በድብቅ ትለምናለች። ሰይፉንም አልጣለችም።