ጨዉን የሚያውቁት ይጠየቁ

ከፑርማማርካ መንደር ተነስቶ ወደ ቺሊ ድንበር የሚሄደው አስፋልት እየተጠማዘዘ ሊፓን የሚባለውን ዳገት ይወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 4,170 ሜትር ላይ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁል ሲል፣ ምድሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ይሆናል። ሳሊናስ ግራንዴስ የሚባለው የጨው ሜዳ ይህ ነው። በመንገዱ ዳር የአካባቢው ሰዎች የጻፏቸው ሰሌዳዎች ቆመዋል። የሁሉም መልእክት አንድ ነው፦ ሊቲየም ይቅርብን፣ ውሃና ሕይወት ይኑረን።

ቦታው በአርጀንቲና ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ቦሊቪያንና ቺሊን በምታዋስነው በሁሁይ ክፍለ ሀገር ነው። እኛን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ በየቤቱና በየካፌው የምናወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያውና ስለ መለዋወጫው ነው። ባትሪው የሚሠራበት ሊቲየም ግን በብዛት የሚወጣው ከጥቂት አገሮች ነው፤ ከእነዚህም አውስትራሊያ፣ ቺሊ፣ ቻይናና አርጀንቲና ይገኙበታል። በሊቲየም የሚጠቀም ሁሉ በሚወጣበት ምድር የሚኖሩትን ሰዎች ጥያቄ መስማት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አርጀንቲናን በእግር ኳሷና በከብት ሥጋዋ ለሚያውቅ ሰው ሁሁይ ሌላ አገር ትመስለዋለች። 53 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በምትሆን መሬት ላይ 800 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይኖራል። በምሥራቅ በኩል ያለው ቆላ የሸንኮራ አገዳ ምድር ነው። ዋና ከተማዋን ሳን ሳልቫዶርን በያዙት ወይና ደጋ ሸለቆዎች ትምባሆ ይበቅላል። ከዚያ ወደ ሰሜን ኬብራዳ ዴ ኡማዋካ የተባለው ረጅም ሸለቆ ይከፈታል፤ ተራሮቹ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ቢጫና አረንጓዴ ናቸው፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከሁሉም በላይ ፑና የሚባለው ውርጭ ነው፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ያለ፣ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ላማ የሚረባበት ደጋ። ኮያ፣ አታካማ፣ ኦማዋካና ሌሎችም ነባር ሕዝቦች የሚኖሩባት ክፍለ ሀገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ ከነዋሪዋ 10 በመቶው ራሱን ከነባር ሕዝቦች ወገን ቆጥሯል፤ ከአርጀንቲና ክፍለ ሀገሮች ሁሉ ትልቁ ድርሻ ነው። በየዓመቱ ኦገስት 1 ቀን ቤተሰቡ ጉድጓድ ይቆፍርና ለፓቻማማ፣ ለእናት ምድር፣ ምግብ፣ የኮካ ቅጠልና ጠላ መሰሉን ቺቻ ያቀርባል። ምድር ስታበላቸው ኖራለች፣ በዚያ ቀን ደግሞ እነሱ ያበሏታል።

በጨው ሜዳው ጠርዝ ሳንቱዋሪዮ ዴ ትሬስ ፖሶስ የሚባል መንደር አለ። ስሙን ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «የሦስቱ ጉድጓዶች መቅደስ» እንደ ማለት ነው፤ በዚህ ደረቅ አገር መንደር የሚሰየመው በውሃው ነው። ሰዎቹ ጨው ቆራጮች ናቸው። የነጩ ምድር ነጸብራቅ ዓይን ስለሚያጠፋና ቆዳ ስለሚልጥ፣ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ። የጨዉን ቅርፊት በመጥረቢያ እየፈለጡ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን አድርገው ያወጡታል። የአፋርን ጨው ቆራጮች ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል። የተቆረጠው ጡብ በጎኑ ሲታይ ነጭና ጠቆር ያለ መስመር ይፈራረቅበታል፤ ነጩ ጨው ነው፣ ጠቆር ያለው ነፋስ ያመጣው አቧራ። ሌሎቹ ደግሞ ሜዳው ላይ ረዣዥም ገንዳዎች ይቆፍራሉ። ከሥር ውሃ ይሞላቸዋል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ የረጋውን ጨው ሰብስበው ይሸጣሉ። በእነሱ አነጋገር ጨው ይዘራል፣ ያድጋል፣ ይታጨዳል። ክረምቱ ካልዘነበ ጨውም አይታጨድም። የጨዉ ኑሮ በውሃ ላይ መሆኑን ማንም ሊያስተምራቸው አይችልም።

ሊቲየሙም ያለው በዚያው ከመሬት ሥር ባለው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነው። ሳሊናስ ግራንዴስ ላይ እስካሁን ፋብሪካ አልተተከለም፣ ሰዎቹ ስለከለከሉ። ከዚያ በስተምዕራብ ባሉት በኦላሮስና በካውቻሪ ግን ሥራው ተጀምሯል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሌላው በ2023። ውሃው በፓምፕ ይሳባል፣ ሐይቅ በሚያካክሉ ገንዳዎች ይዘረጋል፣ ፀሐይና ነፋስ ከዓመት በላይ ሲያተኑት ቆይተው የቀረው ወደ ፋብሪካ ይገባል። የጃፓን፣ የቻይናና የሌሎች አገሮች ገንዘብ ገብቶበታል። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ኩባንያ በሁለቱም 8.5 በመቶ ድርሻ አለው። ሁለቱም የተተከሉበት እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የማዕድን ሕግ ደግሞ ክፍለ ሀገሩ የሚሰበስበው ሮያሊቲ፣ ማለትም ኩባንያው ለሚያወጣው ማዕድን የሚከፍለው ድርሻ፣ ማዕድኑ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ካለው ዋጋ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ አጥሮታል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አንድ ቶን ሊቲየም ካርቦኔት በቻይና ገበያ 80 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሸጥ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ተንኮታኮተ። እንዲህ በሚዋዥቅ ነገር ላይ 3 በመቶ ይዞ የሕዝብን ውሃ ማስያዝ ምን ዓይነት ስሌት ነው?

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ። የሚተነው ውሃ ጨዋማ ነው፣ ሰውም ከብትም አይጠጣውም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይጠጣም። ነገር ግን በእነዚህ ተፋሰሶች ጨዋማውና ንጹሑ ውሃ ጎን ለጎን ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት። ከመሃል ጨዋማው ሲሳብ ከዳር ያለው ንጹሕ ውሃ ወደ ባዶው ሊሸሽ ይችላል። ፋብሪካው ራሱም ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። ከሁሁይ በስተደቡብ በምትገኘው ካታማርካ፣ የሊቲየም ሥራ በተጀመረበት በኦምብሬ ሙዌርቶ የጨው ሜዳ አጠገብ፣ የትራፒቼ ወንዝ ረግረግ ደርቋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የዚያች ክፍለ ሀገር ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ፕሮጀክቶቹ በአንድነት የሚያደርሱት ጉዳት እስኪጠና ድረስ አዲስ ፈቃድ እንዳይሰጥ አዘዘ። እኔን የሚያሳዝነኝ ጥናቱ የታዘዘው ረግረጉ ከደረቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ሁሉም የፑና ሰው ሊቲየምን ይቃወማል ብል ግን እዋሻለሁ። በሱስኬስ አካባቢ ያሉ ማኅበረሰቦች ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማምተው ልጆቻቸው እዚያው ይሠራሉ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከተማ ሲሰደድ ለኖረ መንደር ደመወዝ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ልወቅሳቸው አልችልም። ተቃዋሚዎቹ የሚፈሩትም ቢሆን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሁሁይ ማዕድን ያለፈባት ምድር ናት። በፑናዋ ከተማ በአብራ ፓምፓ የነበረ የእርሳስ ማቅለጫ ተዘግቶ ሲሄድ፣ ዝቃጩ በከተማው መሃል ተከምሮ ለብዙ ዓመታት ቀረ፤ በልጆች ደም ውስጥም እርሳስ ተገኘ። የፓልፓላ የብረት ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ግል ሲዛወር በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ሜዳ ላይ ቀረ። ባለሀብት መጥቶ ሲሄድ ያየ ሕዝብ፣ «ስትሄዱ ምን ትተውልን ትሄዳላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ሊደነቅ አይገባም።

ጥያቄያቸውን ለማሰማትም ብዙ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 170 ገደማ የሚሆኑ ኮያዎች ከሁሁይና ከሳልታ ደጋ ተነስተው፣ በእግርና በበቅሎ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ቦነስ አይረስ ገቡ። «የሰላም ዘመቻ» ተባለ። የአያቶቻቸው መሬት በስማቸው እንዲሆን ነበር የጠየቁት። ፕሬዚዳንት ፔሮን ተቀበሏቸው። ማደሪያ የተሰጣቸው ግን ከአውሮፓ ለሚመጡ ስደተኞች በተሠራው ሆቴል ነበር፤ የአገሩ ባለቤቶች በስደተኛ ቤት አደሩ። ወር ሳይሞላቸው በሌሊት በኃይል ባቡር ላይ ተጭነው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 በፑርማማርካ መንገድ ዘግተው ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። በ2023 ደግሞ የወቅቱ አገረ ገዥ ኼራርዶ ሞራሌስ የክፍለ ሀገሩን ሕገ መንግሥት አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ሲያሻሽሉ፣ ነባር ሕዝቦቹ አልተጠየቁም። ማሻሻያው የመሬትን ጉዳይ ነካ፣ መንገድ መዝጋትንም ከለከለ። ደመወዛቸው አልበቃ ያላቸው መምህራንና ከደጋ የወረዱት ማኅበረሰቦች አብረው አደባባይ ወጡ። በፑርማማርካ ፖሊስ የጎማ ጥይት ተኮሰ፤ ዓይኑን ያጣ ወጣት አለ። ገዥው በነባር ሕዝቦችና በመሬት ላይ የተጻፉትን ሁለት አንቀጾች መልሰው አነሱ፣ የቀረው ግን ጸደቀ።

አርጀንቲና የነባር ሕዝቦችን መብት እ.ኤ.አ. በ1994 በሕገ መንግሥቷ አስፍራለች። ነባር ሕዝቦች አስቀድመው እንዲጠየቁ የሚያዘውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 169 ደግሞ በ2000 አጽድቃለች። ሕጉ አለ ማለት ነው። እንዴት እንደሚጠየቁም ሰዎቹ ራሳቸው ጽፈው አስረክበዋል። በሳሊናስ ግራንዴስና በጓያታዮክ ሐይቅ ተፋሰስ የሚኖሩ 33 ማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. በ2015 «ካቺ ዩፒ» ብለው የሰየሙትን ሰነድ አወጡ፤ በኬቿ ቋንቋ «የጨው ዱካ» ማለት ነው። ማን እንደሚጠየቅ፣ በምን ቋንቋ፣ በስንት ጊዜ፣ በማን ስብሰባ እንደሚወሰን በዝርዝር ያስቀምጣል። እኔ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ሰነድ ሊያዘጋጅ ይችላል ብዬ አላስብም። የሚያስፈልገው ሥራ ላይ ማዋል ነው፤ ከዚያም በፊት የተፋሰሱን ውሃ ኩባንያ በማይከፍለው ባለሙያ ማስጠናት። ማዕከላዊው መንግሥት ግን በ2024 ለትላልቅ ኢንቨስትመንቶች የ30 ዓመት የግብርና የሕግ ዋስትና ሰጥቷል። ለባለሀብቱ 30 ዓመት የተሰጠ፣ ለጨው ቆራጩ ጥቂት ወር የጥናት ጊዜ ሊነፈገው አይገባም።

በ2023 ሦስተኛው የሰላም ዘመቻ ከሁሁይ ተነስቶ ቦነስ አይረስ የገባው ኦገስት 1፣ በፓቻማማ ቀን ነበር። ወንድ ሴቱ፣ ሽማግሌው ሁሉ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት ባለው አደባባይ ድንኳን ተከለ። ማኅበረሰቦቹ ስለ ውሃቸው ለዚያው ፍርድ ቤት ክስ ካቀረቡ፣ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ፣ 13 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በብርዱ ጀምረው ለወራት እዚያው ሰነበቱ።