ጎማዬ ሲተነፍስ ያልነገረችኝ መብራት

ዳሽቦርዴ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በርታ የከረመች ቢጫ መብራት አለች። ዛሬ ስለ እሷ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መኪናዬ ከአሜሪካ የመጣች የ2008 ሞዴል ኮሮላ ናት። ስገዛት ደላላው "ፉል ኦፕሽን ናት" አለኝ። ከኦፕሽኖቹ አንዱ የጎማ አየር መቆጣጠሪያ ነው። በየጎማው ውስጥ፣ አየር መሙያው ሥር፣ ሴንሰር የሚሏት አንዲት ትንሽ ጥቁር ፕላስቲክ ተገጥማለች። አየሩን ለክታ በሬዲዮ ለመኪናዋ ኮምፒውተር ትልካለች። አየሩ መሆን ካለበት በ25 በመቶ ሲወርድ መብራቷ መብራት አለባት። ሐሳቡ ግሩም ነው። ማን ይጠላዋል?

ጣጣው የመጣው ጎማ ላስለጥፍ ጎሚስታ ጋ የሄድኩ ቀን ነው። ዝናቡ ይወርዳል፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ልጁ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ጎማውን ከቸርኬው ሊያላቅቅ ብረቱን አስገብቶ ሲጫነው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። እጁን ከተተና ለሁለት የተሰበረች ፕላስቲክ አወጣ። "ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምንድናት?" አለኝ፣ ፊቱ ተለዋውጦ። በእሱ አልፈርድም። ጎማው ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳለ ማንም አልነገረውም። ለእኔስ ማን ነገረኝ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር መብራቷ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከዚያ በርታ ትቀራለች። ዕቃውን ጅማ ላይ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። አዲስ አበባ አለ ተባልኩ። የአንዷ ዋጋ አዲስ ጎማ ሊገዛ ምንም አልቀረው። ደግሞ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። መለያ ቁጥሯ በማሽን ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር መመዝገብ አለበት። ለአንዲት ፕላስቲክ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ልንዳ? የሌሎቹ ሦስቱም ነገር ያው ነው። ባትሪያቸው ውስጥ ተደፍኖ ስለሚሠራ አይቀየርም። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያገለግልና ሲሞት ዕቃው እንዳለ ይጣላል። የመኪናዬን ዕድሜ እናንተው ቁጠሩት።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ያንገበገበኝ ያለፈው ወር ነው። ባለቤቴ ከጎኔ፣ ልጆቹ ከኋላ ተኝተው፣ ከአዲስ አበባ እየተመለስን ነበር። ጊቤን ወርደን ወጥተን፣ ሶኮሩን አልፈን፣ አሰንዳቦ ልንደርስ ስንል መሪው ወደ ቀኝ ይስበኝ ጀመር። መንገዱ ነው ብዬ ትንሽ ሄድኩ። አላስችል ሲለኝ ወርጄ አየሁ። የቀኙ የፊት ጎማ ሊተኛ ምንም አልቀረው። ምስማር ነው። ቀስ እያለ ሲተነፍስ ቆይቷል። ጎኑን ስነካው ያቃጥላል። ያ ጎማ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፈንድቶ ቢሆንስ? ስኮርቱን እየቀየርኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መብራቷ የተሠራችው ለዚህች ሰዓት ነበር። እሷ ግን ከመነሻዋም በርታለች፤ ምን ልትነግረኝ ትችላለች?

ዕቃው በግዴታ የገባው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ የፋየርስቶን ጎማዎች፣ በተለይ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙት፣ እየተላጡ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በዚያ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የቤት መኪና ያለዚህ መቆጣጠሪያ እዚያ አይሸጥም። ትክክል ነው፣ የሰው ሕይወት ነው።

ግን ይህንኑ ሥራ ጎማ ውስጥ ምንም ሳይከቱ መሥራት ይቻላል። አየሩ የወረደ ጎማ ዙሪያው ትንሽ ይጠብባል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይዞራል። ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው የኤቢኤስ ፍሬን ደግሞ የእያንዳንዱን ጎማ አዟዟር ድሮም ይቆጥራል። ያንኑ ቁጥር ማወዳደር ነው። አውሮፓ ብዙ መኪኖች እንዲህ ይሠራሉ። እርግጥ አራቱም ጎማ እኩል ከወረደ ላያውቅ ይችላል። ቢሆንም ባትሪ የለው፣ ጎሚስታ የሚሰብረው ነገር የለው። አየሩን ሞልቶ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ለጅማ የሚሆነው ይሄ ነበር!

የደህንነት ዕቃ ጠላሁ እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ ሠራ። ኩባንያው ሌሎቹም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ያ ቀበቶ ዛሬም ልጆቼን ይዞልኛል። ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ቁጥር አይመዘገብለትም። ለእሱ የተከፈለ ብር ሁሉ ይባረክ።

እኔን የሚያበግነኝ ሕግ አውጪው ፋብሪካው በር ላይ መቆሙ ነው። "ግጠሙ" ይላል። "ከ15 ዓመት በኋላም ተራ ጋራዥ ሊጠግነው የሚችል ይሁን" አይልም። የጎረቤቴ የኤርባግ መብራት በራ፤ መካኒኩ ምን አለው መሰላችሁ? "አምፖሉን ልንቀልልህ።" ነቀለለት። አሁን ኤርባጉ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን አሮጌ መኪና ነው እያስታመምን የምንነዳው። የጎማ ሴንሰሮቹ ባትሪዎች ተራ በተራ ይሞታሉ። እናንተም ዳሽቦርድ ላይ ትበራለች፣ ጠብቁ።

እኔ የአየር መለኪያ ገዝቼ ጠዋት ጠዋት አራቱንም ጎማ በእጄ እለካለሁ። ግን ጅማ ውስጥ ይህን ሴንሰር የሚመዘግብ ማሽን ያለው ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ኮቺም ይሁን ፈረንጅ አራዳ፣ ነገውኑ እመጣለሁ።